የጋሽ መላኩ ቶርኖ ሦስት ጥርሶች

የማያውቁትን ነገር ከመንካት በፊት ግራ ቀኝ ማየት ይገባል ይባላል። እኔም አይቻለሁ። ግራ ቀኙን አይቼ፣ ማንም እንደሌለ ካረጋገጥኩ በኋላ ነው የነካሁት።

የነካሁት የጋሽ መላኩን ቶርኖ ነው። ቶርኖ ለማታውቁ፣ ብረት ነክሶ እያሽከረከረ እንደ ድንች የሚልጥ ማሽን ነው። ጋሽ መላኩ ደግሞ እዚህ ጁባ፣ ኮር ዊሊያም ሰፈር፣ አጥር የሚያዋስነን ጎረቤቴ ናቸው። አገር ቤት ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን በዚሁ ሙያ ጨርሰው፣ ጡረታ ሲወጡ “እጄን ምን ልሥራበት?” ብለው ወደዚህ መጡ። በግቢያቸው የቆርቆሮ ዳስ ሥር ያቆሟት ቶርኖ በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች። የሰፈሩ የውሃ ፓምፕ ሲሰበር፣ የወፍጮ ብረት ሲበላ፣ ሁሉም ወደዚያ ዳስ ይመጣል። ጋሽ መላኩ ማሽኗን “እሷ” ነው የሚሏት። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ሌላ “እሷ” የለችም።

እኔ ቶንፒንግ ያለ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። በሕይወቴ የጠገንኩት ነገር ቢኖር የእንግዶችን ቅሬታ ነው፤ እሱንም በይቅርታ። ነገር ግን አራት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጋሽ መላኩ ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። አራት ዓመት ያየ ሰው አራት ዓመት የተማረ ይመስለዋል። በዚህ ሒሳብማ ቢሆን ኳስ የሚመለከት ሁሉ ጎል ያገባ ነበር።

እንግዲህ የጋሽ መላኩ የአንድ ዓይናቸው መጋረጃ ተላቀቀ ተባለና ለኦፕራሲዮን አዲስ አበባ ሄዱ። ሌላኛውም ዓይን ቢሆን ድሮም ደካማ ነው። ሲሄዱ የዳሱን ቁልፍ ሰጡኝ። አደራቸው አንድ ነበር፦ አቧራው እንዳይጎዳት በየሳምንቱ ዘይት እንድቀባት። ይኸው ነው። ዘይትና ጨርቅ።

በዚያው ሳምንት ባለቤቴ ውባለም መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ስትስብ እጀታው እጇ ላይ ቀረ። እዚያው ተቆልፎባት በመስኮት ስትጣራ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። በካቻቪቴ ፈልቅቄ ካወጣኋት በኋላ፣

“ኮንዮ ኮንዮ ገበያ በየሱቁ ተንጠልጥሎልሃል፤ ሂድና አዲስ እጀታ ግዛ” አለችኝ።

“ልግዛ? የቶርኖው ዳስ ቁልፍ እጄ ላይ እያለ?” አልኩ።

ውባለም ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ወደ ጓዳ ገባች። አሥራ ሁለት ዓመት አብራኝ ስለኖረች፣ የትኛው ጥያቄ መልስ እንደማያስፈልገው ታውቃለች።

ጄኔሬተሩን አስነሳሁ። አንድ ቁራጭ ብረት ነክሳ እንድትይዝልኝ አድርጌ አበራኋት። ዞረች! መላጫውን ጠጋ ሳደርገው የብረት ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ መውረድ ጀመረ፤ ደረቴም አብሮ መነፋት ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ብረቱ ይንጫጫ ጀመር። “ፍጥነቱ በዝቷል” አልኩ፣ ለራሴ፣ በባለሙያ ድምፅ። ጋሽ መላኩ ፍጥነት ለመቀነስ አንዱን እጀታ ወደ ግራ እንደሚገፉ አስታወስኩ። ያላስታወስኩት፣ ከዚያ በፊት ማሽኗን እንደሚያጠፉ ነው።

ገፋሁት።

ቋ! አለች። ከዚያ ቀርርርር። ከዚያ አንድ ነገር ቆርቆሮውን መቶ ከእግሬ ሥር ወደቀ። እንዴት እንዳጠፋኋት አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ሳነሳው የማርሽ ጥርስ ነው። ፈልጌ ሁለተኛውንም አገኘሁ። ክዳኗን ከፍቼ ሳይ፣ የውስጧ ትልቁ ማርሽ ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ አጥቶ፣ ልክ እንደ ስድስት ዓመት ሕፃን ይስቅብኛል።

የመጀመሪያ እርምጃዬ ምን ነበር? ክዳኗን መልሼ ዘይት ቀባኋት። አደራ አደራ ነው።

በሩን ቆልፌ ስዞር ስልኬ ጮኸ። የጋሽ መላኩ ልጅ ሮማን ናት፣ ከአዲስ አበባ።

“ጋሼ፣ አባዬ ዛሬ ኦፕራሲዮን ሆነ። በደህና አልቋል። ግን ሐኪሙ ለብዙ ቀን በግንባሩ ተደፍቶ እንዲተኛ አዞታል። መናደድ፣ መደንገጥ፣ ማስነጠስ ክልክል ነው። ዓይኑ የሚድነው በመረጋጋት ነው ተብሏል። እና እሱ የሚጠይቀው ስለ ማሽኑ ብቻ ነው። ደህና ናት በለው እባክህ።”

ስልኩን ሰጠቻቸው። ድምፃቸው ከትራስ ውስጥ ታፍኖ መጣ።

“ደህና ናት?”

“ደህና ናት፣ ጋሽ መላኩ።”

“ዘይት?”

“አሁን ገና ቀባኋት።” ይህ እውነት ስለነበር ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

“ድምጿስ?”

“ዝም ብላለች” አልኩ። ይህም እውነት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ከቤቴ ወጣ። ሆቴል ውስጥ እንግዳ መጥቶ “ክፍል አለ?” ሲለኝ “ደህና ናት” የምል ሰው ሆንኩ። ብናገር፣ ደንግጠው ዓይናቸው ቢጠፋስ? ባልናገር፣ መጥተው ቢያዩስ? አያችሁ፣ የመጀመሪያው ዓይናቸውን ያሳጣቸዋል፤ ሁለተኛው እኔን ከዓይናቸው ያወጣኛል። ውባለም፣

“ንገራቸው” አለች።

“ዓይናቸው ቢጠፋ ባንቺ ነው?”

“እንግዲያው ቶሎ አስጠግን። ማርሹ ጥርስ እስኪያበቅል ነው የምትጠብቀው?”

ማርሹን ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈታሁ። ነገሩ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ፎቶ አነሳሁ፤ ያነሳሁት ግን ሁሉንም ፈትቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ፎቶው ላይ የሚታየው አንድ ጆንያና ብዙ ብሎን ነው። ማርሹን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕመምተኛ ልጅ ታቅፌው፣ በቦዳ ቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ሳይክል፣ ወደ ኮንዮ ኮንዮ በረርኩ።

መጀመሪያ አምሳያውን ፍለጋ ዞርኩ። የመጀመሪያው ነጋዴ አየና “ማፊ” አለኝ፣ የለም ማለቱ ነው። ልሄድ ስል ከጠረጴዛው ሥር አንድ የትራክተር ማርሽ አውጥቶ “ይሄስ?” አለ። ሁለተኛው የሞተር ሳይክል አመጣ። ሦስተኛው የወፍጮ። አንዱም አይገጥምም፤ ግን ጭንቀት የያዘው ሰው “ምናልባት” የምትል ቃል አታጣውም። አራት ማርሽ ተሸክሜ ቤት ስገባ ውባለም በሩ ላይ ቆማ፣

“የበሩን እጀታስ?” አለች።

በማግስቱ ሰዎች ወደ ጋትሉዋክ መሩኝ። ጋትሉዋክ በገበያው ጫፍ የብየዳ ቤት ያለው ኑዌር ነው። ጋምቤላ አድጎ፣ እዚያው ተምሮ የተመለሰ፤ ቁመቱ የመብራት ምሰሶ፣ አማርኛው ከእኔ የጠራ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ማርሹን ተቀበለኝ፤ በጥፍሩ መታ አደረገና ጆሮውን ጣል አደረገለት።

“ወንድሜ፣ ይሄ ጊዛ ነው፣ ቀልጦ ፈስሶ የተሠራ። እንደ ሸክላ ነው ጠባዩ። እዚህ በያዝኩት ተራ ብየዳ ከነካሁት ይሰነጠቃል።”

“አንተ ብቻ ሞክር።”

“እየነገርኩህ ነው።”

“ማፊ ሙሽኪላ” አልኩት፤ ችግር የለም ማለት ነው። ችግር በሞላበት ቀን አፌ ላይ የምትመጣው የጁባ ዓረብኛ ይህቺ ብቻ ናት።

ጋትሉዋክ ትከሻውን ሰብቆ በየደ። ቆንጆ ነበር። ሁለታችንም እንዲቀዘቅዝ ቁጭ ብለን ጠበቅን። እኔ በልቤ “አበቃ፣ ዳንኩ” እያልኩ ሳለ፣ ከማርሹ ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ፦ ጠቅ። የተበየደው ወደቀ፤ ሲወድቅ ደግሞ ጤነኛውን ጎረቤቱን ይዞ ወደቀ። አሁን ሦስት ሆኑ። ጋትሉዋክ “ነግሬህ ነበር” አላለኝም። ውሃ ቀዳልኝ። ይህ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ጋሽ መላኩ ደወሉ።

“እስቲ አስነሳትና ድምጿን አሰማኝ። ናፈቀችኝ።”

“ጄኔሬተሩን ላስነሳ፣ አንዴ ይጠብቁኝ” ብዬ የውባለምን ስልክ ነጥቄ ኢንተርኔት ላይ የቶርኖ ቪዲዮ ፈለግሁ። አገኘሁ። ሁለቱን ስልኮች አፍ ለአፍ ገጠምኳቸው። ጋሽ መላኩ አዳመጡ።

“ይቺ ማናት?”

“እሷ ናት።”

“ልጄ፣ እሷ ቀበቶዋ ያረጀ ነው፤ ስትዞር ትንሽ ትስላለች። ይቺ ጤነኛ ናት።”

“ዘይቱ… ዘይቱ ተስማምቷት ይሆናል።”

በዚህ መሃል ቪዲዮው ተቋርጦ ማስታወቂያ ገባ። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ስለ ፀጉር ቅባት ማብራራት ጀመረ፣ ከነሙዚቃው።

“ማነው እሱ?”

“ደንበኛ ነው፣ ጋሽ መላኩ።”

“ፀጉር ምን አመጣው?”

“ሃሎ? ሃሎ? አይሰማኝም!” አልኩና ዘጋሁት። የጁባ ኔትወርክ ስንት ጊዜ ያለ ጥፋቱ እንደተወቀሰ እሱና እኔ ነን የምናውቀው። ውባለም ስልኳን ከእጄ ወሰደች፤ ቀና ብላ አየችኝና፣ “የታመሙ ሰው ናቸው እኮ” ብላ ገባች። ጮኻብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ስልኬን አጥፍቼ አመሸሁ። በማግስቱ ስከፍተው የሮማን መልእክት ጠበቀኝ። “ጋሼ፣ አባዬ ከትናንት ጀምሮ አልተረጋጋም። ‘እዚያ አንድ ነገር ሆኗል፣ ተነስቼ ልሂድ’ እያለ ሁለቴ ከአልጋው ተነስቷል። ሐኪሙ ተቆጥቷል። ምን ልንገረው?”

ዓይናቸውን ለማዳን ብዬ የዋሸሁት ውሸት ሰውየውን ከአልጋ እያስነሳ ነው! ሌላ የማማክረው ስላጣሁ ወደ ጋትሉዋክ ሮጥኩ። ሁሉንም ነገርኩት። አዳምጦ ሲጨርስ፣

“የታመመው ዓይናቸው አይደል?” አለኝ።

“አዎ።”

“ጆሯቸውና አፋቸው ደህና ነው?”

“ደህና ነው።”

“ታዲያ የማሽኑ ባለቤት፣ አርባ ዓመት በዚህ ሙያ የሠሩ ሰው በስልክ እያሉ፣ አንተ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ደውል።”

ደወልኩ። እዚያው ብየዳ ቤቱ ውስጥ፣ መዶሻ በግራ፣ መፍጫ በቀኝ እየጮኸ።

“ጋሽ መላኩ፣ እባክዎ ሳይነሱ ያዳምጡኝ። ሰብሬያታለሁ። እየዞረች ማርሽ ቀየርኩ። ትልቁ ማርሽ ጥርሱ ረገፈ። ትናንት ያሰማሁዎትም እሷ አይደለችም።”

መዶሻው ቆመ፤ ጋትሉዋክ ሠራተኞቹን በእጁ ዝም አሰኛቸው። እኔ አዲስ አበባ ያለ አንድ የዓይን መጋረጃ በስልክ ሲቀደድ የሚሰማኝ መሰለኝ።

“ጋሽ መላኩ? አሉ?”

“አለሁ። እጅህስ?”

“አቤት?”

“እጅህን ነካህ ወይ?”

“አልነካኝም።”

“ጣቶችህን ቁጠራቸው።”

በገበያ መሃል፣ ትልቅ ሰውዬ፣ ጣቶቼን ቆጠርኩ። “አሥር ናቸው” አልኩ።

“እሺ። ስንት ጥርስ ነው?”

“ሦስት። ሁለቱ በእኔ፣ አንዱ በብየዳ።”

“ጎን ለጎን?”

“ጎን ለጎን።”

“በተራ ብየዳ ነካችሁት፣ አይደል?” ትንፋሻቸው ትራሱ ላይ ሲያፏጭ ሰማሁ። “የበየደው ሰው አጠገብህ አለ? ስጠኝ እስቲ።”

ጋትሉዋክ ስልኩን ተቀብሎ “አቤት አባቴ” አለ። ከዚያ በኋላ “እሺ”፣ “እሱስ አለኝ”፣ “ናስ አላጣም”፣ “እሱን ለእኔ ተዉት” ሲል ቆየ። ሲመልስልኝ ፊቱ በርቷል። “ማወቅ ማለት ይሄ ነው” አለኝ።

አራት ቀን ፈጀ። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ገበያ፤ ስልኩ ማርሹን ከያዘው ሞርሳ አጠገብ ቆሞ፤ ጋሽ መላኩ አዲስ አበባ በግንባራቸው ተደፍተው፣ እኛ ጁባ ጎንበስ ብለን። ረግፈው የቀሩትን ጉቶዎች በሞረድ አስተካከልን። በየጥርሱ ቦታ በትራፓኖ ቀዳዳ በስተን የብረት ብሎን ተከልን፤ ልክ የጥርስ ሐኪም እንደሚያደርገው። ከዚያ ጋትሉዋክ ማርሹን ቀስ ብሎ በጋዝ አሙቆ፣ በብሎኖቹ ላይ ናስ አቅልጦ ቆለለ። ቀስ ብሎ እንዲበርድም ትኩስ አመድ ውስጥ ቀበረው። እኔ በዚያ አመድ ዙሪያ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ተንቆራጠጥኩ፤ ጠቅ የሚል ድምፅ እየጠበቅኩ። ጠቅ አላለም።

የቀረው ያንን የናስ ቁልል ሞርዶ ሦስት ጥርስ ማውጣት ነው። ጋትሉዋክ ሊጀምር ሲል ጋሽ መላኩ “ይሄን የሰበረው ይሥራው” አሉ። ከቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ የጤነኛውን ጥርስ ቅርጽ ቆርጬ መለኪያ ሠራሁ፤ ሞረዱን ያዝኩ።

“ወደፊት ስትገፋው ነው የሚበላው፤ ስትመልሰው ከብረቱ አንሳው” አሉኝ። ትንሽ ቆይተው፣ “አላነሳኸውም።”

“እንዴት አወቁ?”

“እሰማለሁ።”

እጄ ውሃ አቆረ፤ ውሃው ፈነዳ። አንድ ጊዜ አብዝቼ የበላሁት መስሎኝ ግማሽ ሰዓት ሳልተነፍስ ለካሁ። በሦስተኛው ቀን ሮማን ለብቻዬ ደወለችልኝ። አሁን ልትወቅሰኝ ነው ብዬ ተሸማቀቅሁ።

“ጋሼ፣ አባዬ አሁን ከአልጋው ንቅንቅ አይልም እኮ! ቀኑን ሙሉ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ተደፍቶ ይውላል። ሐኪሙ ምን ሰጣችሁት አለን። ሌላም የሚሰበር ነገር ካለ…”

“ኧረ በማርያም ሮማን፣ አፍሽን ያዢ!” አልኳት።

በአራተኛው ቀን ማርሹን ገጠምን። ከጋትሉዋክ ጋር ሆነን ያንን የብሎን ጆንያ ስንመልስ አንዲት ቀለበት ተረፈች። በስልክ ስናገር ጋሽ መላኩ፣ “እኔንም ሁልጊዜ ትተርፈኛለች፤ ኪስህ ክተታት” አሉ።

ማብራቱ ላይ ወኔዬ ከዳኝ። ውባለም ከአጥሩ ማዶ፣ ጋትሉዋክ ከበሩ ጀርባ፣ እኔ በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ማብሪያውን ገፋሁት። ሞተሩ አጓራ። ቀበቶው ተንቀሳቀሰ። ማርሹ ዞረ፤ ሦስቱ የናስ ጥርሶች ቢጫ ሆነው ብልጭ ብለው አለፉ፣ ተመለሱ፣ አለፉ። ምንም አልወደቀም። ስልኩን እንጨቱ ላይ ላስር ነበር፤ ጋትሉዋክ ቀድሞኝ ገብቶ ወደ ማሽኗ አስጠጋው።

“እሷ ናት” አሉ ጋሽ መላኩ። ከዚያ ራቅ ብሎ፣ “ሮማን፣ መሀረብ” ሲሉ ሰማሁ።

ሐኪሙ አውሮፕላን የፈቀደላቸው ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ነው። ጥቁር መነጽር አድርገው ወረዱ። ዓይናቸው እንዴት እንደሆነ ስጠይቃቸው “ደህና ነው” አሉኝ። ይቺን “ደህና” የምትባል ቃል እኔም ለብዙ ቀን ስለተጠቀምኩባት ብዙም አላመንኳትም።

ሻንጣቸውን ሳያስገቡ ዳሱ ውስጥ ገቡ። ክዳኑን ከፍተው በማርሹ ዙሪያ አውራ ጣታቸውን አስኬዱ። ናሶቹ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። “መሃለኛው ወፍራም ነው” አሉ። “ቢሆንም ይሠራል” አሉና ሽርጣቸውን አሰሩ። አንድ የፓምፕ ዘንግ ነክሳ እንድትይዝ አድርገው አበሩ፤ ጥቂት ላጡ፤ አጠፉ። ከዚያ ውፍረቱን በሚሊሜትር መለኪያቸው ያዙትና መነጽራቸውን ገፍተው ወደ ብርሃኑ ዞሩ። አቀረቡት። አራቁት። እንደገና አቀረቡት።

“ሃያ ስምንት” አሉ።

እኔ በትከሻቸው በኩል አየሁት። ሃያ ሦስት ነው። እነዚያን ቀጫጭን መስመሮች ድሮ ከበሩ ሆነው ነበር የሚያነቧቸው።

እንደገና ሊልጡ እጃቸው ወደ ማብሪያው ሄደ። ዝም ብል ዘንጉ መቀጠኑ ነው፤ ብናገር ደግሞ የምናገረው ስለ ዘንጉ አይደለም።

“ጋሽ መላኩ” አልኩ፣ “ሃያ ሦስት ነው።”

እጃቸው እዚያው ቀረ። ከዚያ ከማሽኗ ፊት አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉና መለኪያውን ዘረጉልኝ።

“ና እዚህ ቁም። አንተ አንብብልኝ።”

ሄጄ ቆምኩ። መለኪያውን በአንድ እጄ ያዝኩ፤ ሌላውን እጄን ግን ምንም እንዳይነካ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።